በእሳት የደረቀ ጠፍር

እስከ ዛሬ ለሦስት የንስሐ አባቶች ተናዝዣለሁ። ሁለቱ አርፈዋል፤ ሦስተኛው በዕድሜ ከልጄ የሚያንሱ ቄስ ናቸው። ለሦስቱም መጠጡን፣ ሐሜቱን፣ በጾም የበላሁትን፣ ሚስቴን ያስቀየምሁትን ሁሉ ነግሬያለሁ። ይህን ግን ለአንዳቸውም አልነገርሁም። ረስቼው አይደለም። ከፊታቸው በተንበረከክሁ ቁጥር ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ። «ሌላስ የለህም?» ሲሉኝ «የለኝም አባ» እላለሁ። እንግዲህ ኑዛዜዬ ላይም ስዋሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ለእናንተ መናገሩ ለምን ቀለለኝ? ስለማታውቁኝ ይሆናል። ፊታችሁን አላይም፤ ፊታችሁ ሲጠቁርም አላይም። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው፤ ግን ከዝምታው ይሻላል ብዬ ጀመርሁት።

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርሁ። የምነዳት ጂፕ ከእኔ በፊት ብዙ እጅ ያየች፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ በሯ በገመድ የሚታሰር አሮጊት ነበረች። መለዋወጫ የሚባል ነገር በወሬ እንጂ በዓይን አይታይም። ደሴ ቢጠየቅ የለም፣ አዲስ አበባ ቢጠየቅ የለም። ስለዚህ ባገኘሁት ነገር ሁሉ እየጠጋገንሁ አቆየኋት። ራዲያተሯ ሲያንጠባጥብ የተወቀጠ ተልባ እጨምርባታለሁ፤ ቀዳዳው ይደፈናል። የነዳጅ ታንክዋ ሲያፈስ ሳሙናና ሰም አንድ ላይ አሽቼ እለጥፍበታለሁ። አንድ ጊዜ ቺንጋዋ፣ ማራገቢያዋን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጥሶብኝ የሚስቴን መቀነት ገምጄ በቺንጋው ፈንታ አስሬ ከወልድያ ላሊበላ ገብቻለሁ። ሚስቴ እስክትሞት ድረስ ያንን መቀነት እያነሣች ትወቅሰኝ ነበር፤ እውነቷን ነው፤ አዲስ ነበር።

ከሁሉ በላይ የታወቅሁት ግን በጠፍር ነው። አባቴ ለላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከበሮ የሚወጥር ሰው ነበር። ውኃ የጠጣ ጠፍር አጥብቀህ ጠምጥመህ ከተውኸው፣ ሲደርቅ እየተኮማተረ እንደሚጨብጥና ሚስማር የማይችለውን እንደሚይዝ ከእሱ ተማርሁ። እኔ ይህን ሙያ ከከበሮ አውጥቼ መኪና ላይ አዋልሁት። የላላው በጠፍር፣ የተሰነጠቀው በጠፍር ሆነ። ካህናቱ ሲያገኙኝ «የአንተ መኪና ግማሿ ቆዳ ነው፤ እንዲያው በጾም እንዴት ትነዳታለህ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አብሬ እስቃለሁ። ውስጤ ግን ይሞቀው ነበር። ሰው ሙያዬን ሲያነሣ የሚሰማኝ ሙቀት ከጠጅ ይበልጥብኝ ነበር፤ አሁን ልደብቀው አልችልም።

አባቴ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮኛል፤ ቆዳ አይቸኰልም። ጠፍር የሚደርቀው በጥላና በነፋስ፣ በራሱ ጊዜ ነው። ቢያንስ አዳር ይፈልጋል። በእሳት ያደረቅኸው ጠፍር ለጥቂት ሰዓት ይይዝልህና በኋላ ይሰባበራል። ይህን ልብ በሉልኝ። እኔ ይህን የማላውቅ ሰው አልነበርሁም።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ዝናቡ ከቀረ፣ ላስታ ከነከብቱ ካለቀ በኋላ፣ ድርቅ ያጠቃው ገበሬ ወደ ሩቅ ቆላ አገር ለሰፈራ ይወሰድ ነበር። አንዳንዱ ወዶ ይሄዳል። አንዳንዱ እህል ይሰጥሃል ተብሎ ተጠርቶ በዚያው ይጫናል። ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ፍላቂት ሜዳ ላይ ይሰበሰቡና ሲሞሉ አንድ ላይ ይነሣሉ። ከእኛ በኩል ሰው ወደዚያ የሚያደርስ መኪና ስለጠፋ የእኔ አሮጊት ታዘዘች።

ያን ቀን የጫንኋቸው ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ከኋላ ከሰዎቹ ጋር ጠመንጃ የያዘ ሚሊሺያ፣ ከፊት ከጎኔ አንድ ካድሬ ተቀምጠዋል። ካድሬው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብነግራችሁ ለእኔ ይቀልልኝ ነበር። አልነበረም። ሥራው አሰልችቶት ድካሙ ከፊቱ የሚነበብ ሰው ነበር።

ከተጫኑት ሰዎች አንዱ ደምሌ ይባላል። ስሙን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። በእኔ ዕድሜ፣ ረዘም ያለ፣ ረሃቡ ጉንጩን ያጐደጐደው ገበሬ። ሌሎቹ ያገኙትን ቡትቶና ቅል ሲይዙ፣ እሱ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ምራን አንግቶ ነበር፤ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስሩበት ወፍራም የቆዳ ጠፍር ነው። ቡሬ የሚባለው በሬው በድርቁ ሲሞትበት ቆዳውን ገፎ ራሱ የተለተለው ነበር። መንገድ ላይ ጓደኞቹ፣ በሬ ሳይኖርህ ምራን ምን ያደርግልሃል እያሉ ሲቀልዱበት ሰማሁ። እሱ ደግሞ፣ መሬት ካለ በሬ አይጠፋም፤ ምራን ግን የሰው አገር ሄዶ መለመን ያሳፍራል አላቸው። እኔም መሪዬን ይዤ ፈገግ አልሁ። ያን ጊዜ ወድጄው ነበር።

እኩለ ቀን አለፍ እንዳለ ዳገቱን ስንያያዝ ከኋላ በኩል አንድ ነገር ጓ አለ፤ መኪናዋም ወደ ግራ ዘመመች። ወርጄ ከሥር ገባሁ። ባሌስትራው፣ ክብደቷን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ዋናው ቅጠሉ ለሁለት ተከፍሏል። ካድሬውም ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ የተናገረው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

«እንግዲህ እዚሁ ማደራችን ነው» አለ።

አልተቆጣም፤ አልዛተም። ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠና፣ የነገዎቹ መኪኖች ካመለጡን ሰዎቹ ፍላቂት ቆይተው በሚቀጥለው ጉዞ ይሄዳሉ ብሎ ለሚሊሺያው ነገረው። ማደሩን ተቀብሎት ነበር። ይገባችኋል? ጠመንጃው አልተነጣጠረብኝም። ትእዛዝ አልወጣብኝም። አለቃ የተባለው ሰው እንኳ መኪናዋ መሰበሯን ተቀብሎ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

አፌን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ማደር የለም፤ ጠፍር ካለ ዛሬውኑ ፍላቂት አስገባችኋለሁ አልሁ።

ለምን አልሁት? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሳገላብጠው ኖሬያለሁ። አንዳንድ ጊዜ ፈርቼ ነው እላለሁ፤ መኪናዋ ከሥራ ከወጣች ጦር ሜዳ የጭነት መኪና እንድነዳ ይልኩኝ ነበርና። ፍርሃቱ ውሸት አይደለም፤ ብዙ ሾፌር እንዲያ ሄዷል። ነገር ግን ያን ሰዓት፣ ያ ዳገት ላይ፣ ስለ ጦር ሜዳ አላሰብሁም። ያሰብሁት ካድሬው ስለ እኔ ሙያ ሰምቶ አለማወቁን ነው። «እዚሁ ማደራችን ነው» ሲል የእኔን እጅ እንደ ማንኛውም ሾፌር እጅ መቁጠሩ ነደደኝ። በቃ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ካድሬው ሳቀ። በጠፍር ባሌስትራ ይታሰራል እንዴ ብሎ ጫማውን መልሶ አጠለቀ። የሰው ዓይን ሁሉ ደምሌ ትከሻ ላይ አረፈ። ሚሊሺያው ምራኑን እንዲሰጥ አዘዘው። ደምሌ አላንገራገረም። ራሱ ይዞት መጣና እኔ ከተኛሁበት ከመኪናዋ ሥር አጠገቤ ቁጢጥ አለ፤ ያቀበለኝ መስሎም ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረኝ።

«ወንድምዓለም፣ ሚስቴ ልጃችንን ይዛ ይምርሐነ ክርስቶስ ጠበል ናት። ልጅቱ ታማብን ነው። የሚስቴ ወንድም ትናንት ሊጠራት ሄዷል፤ ይኸኔ መንገድ ላይ ናት። ላምልጥ አላልሁህም። አብረን እንሂድ ብዬ ነው። እስከ ነገ እኩለ ቀን ብቻ መኪናዋን አቆያት።»

እጄን ወደ ምራኑ ዘረጋሁ፤ እሱ ቀጠለ።

«ጠፍሩስ ቢሆን እስኪደርቅ አዳር አይሻም? እውነት ነው እኮ የምትነግራቸው።»

እውነት ነበር። ሐሰት እንድናገር እንኳ አልለመነኝም። የአባቴን ቃል፣ የሙያዬን ሕግ እንድናገር ነበር የለመነኝ። ከመኪናዋ ሥር ወጥቼ «ይቅርታ፣ ጠፍሩ ሳይደርቅ አይሆንም» ብል የሚጠራጠረኝ ሰው አልነበረም። ካድሬው ጫማውን እንደገና ያወልቅ ነበር። አንዲት ሴት ባሏን ታገኝ ነበር። የእኔ ኪሣራ ምን ነበር? ትንሽ መሳቂያ መሆን። «አላልሁም?» መባል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔም የወጣውን ቃሌን ከአፋፉ ከምመልሰው የሰውየውን ትዳር ወደ ገደል መስደድን መረጥሁ። «ብያለሁ እኮ» አልሁት። መልሴ ይኸው ብቻ ነበር። ብያለሁ እኮ።

ደምሌ አንድ ጊዜ አየኝና ተነሥቶ ሄደ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እኔ ሥራዬን ጀመርሁ፤ እንዴት አድርጌ እንደሠራሁትም ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ስሠራ ደስ ብሎኝ ነበር። ምራኑን ከራዲያተሯ በቀዳሁት ሙቅ ውኃ ዘፈዘፍሁት። የሚሊሺያውን የወይራ ዱላ ለምኜ በልኩ ቈርጬ በተሰበረው ብረት ላይ እንደ ወጌሻ ደገፍሁት። መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ፣ ጠፍሩን በእግሬ እየረገጥሁ፣ በጥርሴ እየሳብሁ ጠመጠምሁት። ከመንገዱ በላይ ካለች ጎጆ አንዲት ባልቴት በገል ፍምና ጥቂት ኩበት ሰጡን። ነዳጅ ከሚያንጠባጥብ ታንክ አጠገብ እሳት ማቅረብ እብደት ነው፤ ያንንም አደረግሁት። ፍሙን በቆርቆሮ ላይ አድርጌ ከጠፍሩ ሥር ወዲያና ወዲህ እያልሁ አደረቅሁት።

ቆዳው መሽተት ጀመረ። እንደ ጥብስ ነበር የሸተተው። እነዚያ የተራቡ ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። አንዱ ምራቁን ሲውጥ አየሁ። ደምሌ ብቻ ፊቱን አላዞረም። የቡሬ ቆዳ ሲቃጠል ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር። አይቼዋለሁ፤ አይቼውም ፍሙን ማርገብገቤን ቀጠልሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ክሪኩን አወረድሁ። መኪናዋ ሲጥ አለችና ቆመች። ጠፍሩ ያዘ። ካድሬው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም ያንን ሙቀት አገኘሁት። ያን ጊዜ ደምሌ ወደ መኪናዋ ሊሳፈር ሲያልፍ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። ሲያሾፍብኝ አይደለም። ሥራ የጨረሰን ሰው እንዲህ ብሎ ማለፍ የአገራችን ልማድ ነው፤ እሱም ያደገበትን ልማድ አላጓደለም። በሕይወቴ ከተመረቅሁት ምርቃት ሁሉ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው።

ፍላቂት መኪኖቹ ሳይነሡ በምሽት ገባን። ሰዎቹ ሲወርዱ ደምሌ ወደ እኔ መጣ። ምራኑን ፈትቼ እንደማልሰጠው ያውቃል፤ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው።

«ስትመለስ መንገድ ላይ ታገኛታለህ። አበቡ ትባላለች፤ ልጅ አዝላለች። ‹ለምኖ ነበር፤ እንቢ ብለውት ነው› በልልኝ። አደራ።»

«እንቢ ብለውት» ነው ያለው። «እንቢ ብለኸኝ» አላለም። ለሚስቱ በሚልከው ቃል ላይ እንኳ የእኔን ገመና ሸፍኖ ነው የላከው። እሺ አልሁት። አደራውን ተቀበልሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ትልልቆቹ መኪኖች ተነሡ። እኔም ባዶዬን ወደ ላሊበላ ተመለስሁ። ያ ዳገት ጋ ስደርስ በእሳት የደረቀው ጠፍር ተሰነጣጠቀ፤ አባቴ እንዳለው ሆነ። መኪናዋን እያንፏቀቅሁ ስወርድ አየኋት። ትናንት እሳት ያነደድሁበት አመድ አጠገብ፣ ደምሌ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ፣ አንዲት ሴት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ውኃ ታጠጣለች። እግሮቿ አቧራ ለብሰው ተሰነጣጥቀዋል። ሌሊቱን ስትሄድ ነው ያደረችው። ገና ረፋድ ነበር።

ገና ረፋድ ነበር። ደምሌ እስከ እኩለ ቀን ብሎ ለምኖኝ፣ እሷ በረፋድ ደርሳለች። ትደርስ ይሆን አትደርስ ይሆን ብዬ ራሴን የማጽናናበት ጥርጣሬ እንኳ አልተተወልኝም። በዓይኔ አየኋት።

መኪናዋን ስታይ ብድግ ብላ መንገዱ መካከል ቆመች። ሰዎች የጫነ መኪና አይተህ እንደሆነ አለችኝ። እኔ ነኝ ያደረስኋቸው አልኋት። ደምሌ የሚባል አብሯቸው ነበር ወይ አለች። ነበር አልሁ። መንገድ ላይ አልቆማችሁም ወይ አለች። አልቆምንም አልሁ፤ አመዱ ከእግሯ ሥር ነበር። ከዚያ ልጇን እየታቀፈች ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ስለ እኔስ ምን አለ?»

አደራዬ ይኸው ነበር። ተሸክሜው የመጣሁት ቃል በራሱ ጊዜ፣ በራሷ አፍ ተጠየቀ። ለምኖ ነበር ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ነገር ግን ለምኖ ነበር ካልኋት፣ ማንን ለመነ ትለኛለች። እኔን ልላት ነው? ሌላውን ሰው ልላት ነው? ካድሬውን እንኳ አልለመነም፤ የለመነው እኔን ነው። ቃሉን ለማድረስ ራሴን ማጋለጥ ነበረብኝ። ራሴን አላጋለጥሁም።

«ምንም አላለም» አልኋት።

ምንም አላለም። ሁለት ቃል ናት። ጠፍሩን ያሰርሁበት ኃጢአት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀው፤ ይህችን ለመናገር ዓይን እስኪጨፈን ድረስ እንኳ አልፈጀብኝም። ግን የትኛዋ ትከብዳለች ብትሉኝ ይህችኛዋ ናት። በመጀመሪያው ባሏን ወሰድሁባት። በሁለተኛው ደግሞ ባሏ ይወዳት እንደነበር ወሰድሁባት።

መኪኖቹ ሄደዋል፤ ወደ ላሊበላ ልመልስሽ አልኋት። እንቢ ብላ ልጇን አዝላ ወደ ፍላቂት ዳገቱን ተያያዘችው። በኋላ እንደሰማሁት እዚያ ስትደርስ ደምሌ የሄደበትን አገር በትክክል የሚነግራት አላገኘችም፤ የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው አሏት። ተመልሳ ላሊበላ ገባችና እንጨት እየለቀመች፣ ለሰው ቤት ውኃ እየቀዳች ልጇን አሳደገች።

እኔስ? እኔ ደግ ሰው ሆንሁ። ሳቁብኝ፤ ይገባኛል። ከመንገድ ስመለስ ለአበቡ ማሽላም ይሁን ጨው ይዤ እመጣለሁ። ጎጆዋ ሲያፈስ የከደንሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ቅንነቴን አወራ። እሷም በየጊዜው ትመርቀኛለች። መኪናዋን በተልባና በሳሙና እንደደፈንሁ፣ የሠራሁትንም በደል በማሽላና በጨው እየደፈንሁ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ለጊዜው ያዝ ያደርጋል፤ ሌሊት ሲሆን ያንጠባጥባል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሾፌር ባየች ቁጥር ስለ ደምሌ ትጠይቅ ነበር። ቀስ በቀስ ጥያቄው ወደ ቂም ተለወጠ። አንድ ቃል ሳይተውልኝ፣ ትጠብቀኝ ሳይል ጥሎኝ ሄደ ትል ጀመር። የተናገረችውን እኔው ነኝ በአፏ ያስገባሁት። ሙሉ የተባለችው ልጇ ትምህርት ቤት ስትገባ አበቡ የልጅቱ አባት ስም ማን ነው ስትባል የራሷን አባት ስም አስመዘገበች። ልጅቷም ሙሉ ወርቄ ሆና ቀረች። ደምሌ ከልጁ ስም ላይ ወረደ። ያን ቀን ትምህርት ቤት በመኪናዬ ያደረስኋቸው እኔ ነኝ፤ ሲነግሩኝ «ይሁን እስቲ» ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ።

ደርግ ወድቆ ሰፋሪዎች መመለስ ሲጀምሩ ከዚያ መኪና ላይ ከነበሩት አንዱ መጣ። ደምሌን በመጀመሪያው ክረምት ወባ እንደገደለው ተናገረ። ሰውየው ስለዚያ ዳገት እንዳይናገር ፈራሁ፤ እሱ ግን ስለ መቆማችን አላነሣም፤ ስለ ልመናውም የሚያውቀው አልነበረም፤ ደምሌ እኔን ያናገረኝ ከመኪና ሥር ነው።

ጎረቤቶች ለቅሶ ሊቀመጡ ወደ አበቡ መጡ። በሩን አልከፈተችም። ጥሎኝ ለሄደ ሰው ለቅሶ አልቀመጥም አለች። በአገራችን ጠላት እንኳ ሲሞት ይለቀሳል። ሰው የቱንም ያህል ቢጣላ መርዶ ሲመጣ ጥሉ ይቀራል። እሷ ግን እንቢ አለች። ፍትሐት አላስፈታችለትም፤ ተዝካሩንም አላወጣችም። ያ ሰው በማያውቀው ቆላ ያለ ዘመድ ተቀበረ፤ በአገሩም አንዲት እንባ አልፈሰሰለትም። ለምን? እኔ ምንም አላለም ስላልሁ።

ያን ቀን ልነግራት በሯ ድረስ ሄጄ ነበር። ቆሜ ሰማኋት። ውስጥ ሆና ልብስ ታጥባለች፤ ውኃው ይንቦጫረቃል፤ ደግሞ ዝም ይላል፤ እንደገና ይንቦጫረቃል። ተመለስሁ። አበቡ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሕመም ሞተች። ስትሞት እጄን ይዛ ሙሉን አደራ አለችኝ። ለአደራ በላ ሌላ አደራ።

አሁን ሙሉ የልጆች እናት ናት። ገበያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት አላት። የመጀመሪያ ወንድ ልጇን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። የምትጠራኝ «አባባ» ብላ ነው። ስገባ ከወንበሯ ተነሥታ «ይግቡ አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» ትለኛለች። የአባቷን ስም በእኔ ፊት አታነሣም፤ ከተነሣም ፊቷ ይጨልማል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጇ ስለ አያቱ ሲጠይቃት፣ ሚስቱንና ልጁን ጥሎ የሄደ ሰው ነበር ብላ ስትነግረው ሰማሁ። ሻዬ በእጄ ነበር። ጠጣሁት።

አያችሁ እንግዲህ፤ የዚያን ሰው ሚስት ምርቃት የበላሁት፣ የልጁን «አባባ» የወሰድሁት፣ የልጅ ልጁን በክርስትና ያቀፍሁት እኔ ነኝ። በቦታው ቁጭ ብያለሁ።

ይህን የሚሰማ ሰው «ዘመኑ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ዘመኑ አይደለም። ዘመኑ ካድሬውን ልኳል፣ ሰዎቹን ጭኗል፤ ለዚያ ዘመኑ ይጠየቅ። በዚያ ዳገት ላይ ግን ዘመኑ ራሱ ደክሞት ጫማውን አውልቆ ነበር። ባሌስትራውን ያሰርሁት እኔ ነኝ። ምንም አላለም ያልሁት እኔ ነኝ።

ነገ ሻይ ቤቷ እሄዳለሁ። የሚቀዳልኝን አልቀበልም፤ ቆሜ እነግራታለሁ። አባትሽ ለምኖኝ ነበር፤ እናትሽ ደርሳ ነበር፤ ሁለቱንም የለያየኋቸው እኔ ነኝ እላታለሁ። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። አውቃታለሁ፤ ይቅር በይኝ ካልኋት የእኔን ሽበት አይታ ታዝንልኛለች፤ እኔን ማጽናናት ትጀምራለች፤ እንባዋም ለእኔ ይሆናል። ከዚያ ሰው ብዙ ወስጃለሁ፤ ይህንንም አልወስድበትም። ለእኔ የሚሆን ቁጣ ወይም ምሕረት ካላት በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ለአባቷ ለቅሶ ትቀመጥ።